ሠላሳ ሰከንድ

የስሟ ፍቺ ጀልባ፣ ወንዟ ከአስፋልት በታች፣
ዉች ይሏታል ሰዎቿ፤ በጥጥ ነበር ያደገች፤
አሁን ጭስ ማውጫዋን ለፎቶ አቆይታለች።

እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ጋዜጠኝነት እዚያው፤
ለመመረቂያ ሥራ የደረሰኝ ዕጣው
አንድ ወሬ በአራት መልክ፦ በምስል፣ በካርታ፣
በድምፅና በጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ ማታ።

«ካሜራ ከመንካት እርሳስ ይቅደም» አሉ
መምህር ዜኖን ሰኞ፤ ደግሞም ቀጠሉ፦
«ዓይን የጨረሰውን በቃል አትድገሙ፤
ጆሮ የሚበቃውን ጽፋችሁ አታድክሙ፤
ከመውጣታችሁ በፊት፣ ሁሉም ሥራ ሲያበቃ፣
ሠላሳ ሰከንድ ቁሙ። የክፍሉን ዝምታ ቅዱ። በቃ።»

ዝምታ ይቀዳል? ከየት ምንጭ? በየትኛው ቅል?
ከኋላ ወንበር ሣቅን፤ ሣቅ ለኛ ቀላል።

ሌሊቱን ስሥል አደርሁ፣ ሣጥን ከሣጥን ሥር፦
አንደኛው ላይ መንገዱ፣ ቀይ ጡብ የለበሰ አጥር፤
ሁለተኛው መወርወሪያ፣ ከቅርብ፣ ሲመለስ ሲሄድ፤
ሦስተኛው የእጅ ጣቶች፣ ቀጭን ክር ሲይዙ በግድ፤
አራተኛው እንባዋ። ገና ፊቷን ሳላይ
ሰባት ሰከንድ መደብኩለት፣ ፒያኖም ከላይ።

ሳላውቃት «እሷ» ነበረች። ሳውቃቸው «እሳቸው» ሆኑ።

በሦስተኛው ቅጥር ግቢ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
ወይዘሮ ጌኖቬፋ፣ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ሰማያዊ ካባ፣
የሰፈሩን የመጨረሻ የዳንቴል መኪና ያዞራሉ።
ማይኩን ኮሌታቸው ላይ ሰክቼ፣
«ይህን ድምፅ ሲሰሙ» አልኩ፣ «ምን ያስታውሳሉ?»

ከንፈሬን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሣቁ።
«ጆሮዎቼማ፣ ልጄ፣ በአርባ ዓመቴ አለቁ።
እኔ በእግሬ ነው የምሰማው፤ ክር ሲበጠስ ማታ
ወለሉ ይነግረኛል ሳይዘገይ አንዳፍታ።»

የጥያቄዬን ወረቀት አጠፍኩት።

መኪናው እየጮኸ ነው ዋናው ወሬ የመጣ፤
በከንፈር ብቻ፣ አንድም ድምፅ ሳይወጣ፦
ሦስት መቶ ሴት በአንድ አዳራሽ፣ አለቃው እየዞረ፣
ሐሜት ከዳር እስከ ዳር በከንፈር ይሻገር ነበረ፤
ማን እንዳረገዘች፣ ማን ባሏን እንደሸኘች፣
በአድማው ማለዳም «አቁሚ» የምትል ቃል
እንዴት ከሴት ወደ ሴት እንደዞረች።
መቅጃዬ ከዚህ ሁሉ የያዘው
የመኪናውን ጩኸት ነው።

ከዚያ ማብሪያውን ዘጉት። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።
«አሁንስ ምን ትቀጃለሽ?»
«ዝምታ።»
«እሱንማ እኔ መቼ አጣሁ!
እንደ ልብሽ ውሰጂ።»

ቆምን። መዳፋቸው መኪናው ላይ፣ እንደ ሞቀ የላም ጀርባ።
ሃያኛው ሰከንድ ላይ ከወለሉ ሥር ውሃ ሲያልፍ ሰማሁ፤
ቧንቧ ይሁን ያ የተቀበረው ወንዝ፣
አላጣራሁም፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

አራት ሰዓት ቀረጻ ለሁለት ደቂቃ ተቀደደ፤
ፒያኖው ወደቀ፤ እንባው ከሣጥኑ ሄደ፤
በቦታው ከንፈራቸውን አኖርኩ፣ ድምፅ የሌለው፣
ቃሉን ከሥር ጽፌ፣ ተመልካች እንዲያነበው።

ሐሙስ በስልኬ አሳየኋቸው።
የራሳቸውን ከንፈር ከጽሑፉ ጋር አስተያይተው
መስታወቱን በጥፍራቸው መቱት፦
«ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ። ስለ ሥራው ስትጽፊ ‹ወደድኩት›
ትያለሽ። እኔ መቼ ወጣኝ? ‹ለመድኩት› ነው ያልኩት።»

አንድ ቃል ነቀልኩ፣ አንድ ቃል ተከልኩ።
ለአንድ ቃል እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዋልኩ፣ አደርኩ።

ዓርብ፣ አራቱም መልክ ድረ ገጽ ላይ ዋለ፤
ይህም ድር ነው አሉ፤ ታዲያ ማጉ የታለ?

መምህር ዜኖን በማዳመጫ ሁለት ጊዜ ሰሙት፣
አንዴ ዓይናቸውን ከድነው።
ከዚያ ካርታዬ ላይ የመንገዱን ስም ስቼ ኖሮ
ሦስት ነጥብ ቀነሱ።
ልክ ነበሩ።